የአይፎን ፎቶ "አይከፍትም" ሲባል፦ የትኛው መቀየሪያ ለየትኛው ሥራ

ፎቶ ቤቱ "ጥራቱ እንዳይቀንስ በቴሌግራም በፋይል ላኩልን" ይላል። እሺ ብላችሁ ትልካላችሁ። ትንሽ ቆይቶ "ይሄ ነገር አይከፍትልንም" የሚል መልስ ይመጣል። እናንተ ስልክ ላይ ፎቶው ጥርት ብሎ ይታያል፤ እነሱ ጋ ግን ያለው የፋይሉ ስምና ባዶ ነጭ ምልክት ብቻ ነው። ፎቶው አልተበላሸም። የእነሱ ኮምፒውተር የፋይሉን ዓይነት አያውቀውም፣ በቃ።

ነገሩ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። አፕል የአይፎኑን ሲስተም አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት ስልኮች በጄፔግ ማስቀመጥ ትተው ፎቶን በሄይክ ማስቀመጥ ጀመሩ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤች፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት ካያችሁ እሱ ነው። ሳምሰንግ ላይም ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ "ሃይ ኤፊሸንሲ ፒክቸርስ" የሚል ማብሪያ አለ፤ እሱ ከበራ ስልኩ በዚሁ ዓይነት ያስቀምጣል።

ሄይክን መራገም ቀላል ነው፤ ግን ጥቅም አለው። ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ ጄፔግ ከሚፈልገው ቦታ ግማሽ በሚሆን ቦታ ይይዛል። 48 ሜጋፒክስል የሚያነሱት የፕሮ አይፎኖች ሴቲንግ ውስጥ አፕል ራሱ ግምቱን ጽፎታል፦ በሄይክ 5 ሜጋባይት፣ በጄፔግ 10። ያገለገለ ባለ 64 ጊጋ አይፎን ለያዘ ሰው ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ችግሩ ፎቶውን የሚያምቀው ቴክኖሎጂ የፓተንት ክፍያ ያለበት ስለሆነ ሁሉም ሶፍትዌር ሠሪ አልተቀበለውም። ሳፋሪ ከ2023 ወዲህ ይከፍተዋል። ክሮምና ፋየርፎክስ አይከፍቱትም። ጄፔግ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነውና የማይከፍተው መሣሪያ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ይከብዳል።

ይሄ ጉዳይ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ የ2020ውን የአሜሪካ የኤፒ ፈተና፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ የሚፈተኑትን፣ ያስታውስ። በኮሮና ምክንያት ፈተናው ከቤት ይሰጥ ነበር። መልሳቸውን ወረቀት ላይ ሠርተው፣ በአይፎን አንስተው ለመጫን የሞከሩ ተማሪዎች ሲስተሙ ሄይክ አልቀበልም ብሎ ሰዓቱ አለቀባቸው፤ ድጋሚ እስከ መፈተን የደረሱ ብዙ ናቸው።

የኔ አቋም ከአሁኑ ይታወቅ፦ ለአብዛኛው ሰው አዲስ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። መቀየሪያው ስልኩ ውስጥ አለ። ዋናው ፎቶ በሄይክ ይቀመጥ፣ የሚላከው ቅጂ ብቻ ይቀየር። ከዚህ የሚለዩ ሰዎች አሉ፤ እነሱንም እናያቸዋለን።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ይቅር፦ የፋይሉን ስም መጨረሻ አጥፍቶ ጄፔግ ብሎ መጻፍ መቀየር አይደለም። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ሄይክ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ውስጡን አይቶ ሊከፍተው ይችላል፤ ፎርም ላይ ስትጭኑት ግን "የተበላሸ ፋይል" ተብሎ ይመለሳል። ይባስ ብሎ ችግሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ፎቶው የት ነው የሚሄደው? ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። ለእናታችሁ ስልክ የሚላክ ፎቶና ለኤምባሲ ፎርም የሚጫን ፎቶ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄዱም።

ሁለተኛው ጥራት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ከሄይክ ወደ ጄፔግ መቀየር በራሱ ጥራቱን በዓይን በሚታይ ደረጃ አያወርደውም፤ የጥራት መጠኑ 85 ወይም 90 ላይ ከተደረገ ልዩነቱን ማንም አይለየውም። ጥራት የሚያወርደው የፎቶው ልኬት፣ ማለትም የፒክስሉ ብዛት፣ ሲቀንስ ነው። ሌላው ደግሞ አንዱን ጄፔግ ደጋግሞ እየከፈቱ፣ እያስተካከሉ፣ ድጋሚ ማስቀመጥ ነው። በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጎድላል።

ሦስተኛ፣ ፎቶው በማን እጅ ያልፋል? የምሳ ፎቶ ማንም ቢያየው ግድ የለም። የፓስፖርት ገጽ፣ የፋይዳ ካርድ፣ የባንክ ደብተር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አራተኛ ብዛትና ዳታ። አንድ ፎቶ በየትኛውም መንገድ ይሆናል። ሁለት ሺህ ፎቶ በየትኛውም መንገድ አይሆንም።

አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የሚሄደው መረጃ። የተነሳበት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታው ሳይቀር ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ አለ። አንዳንዴ እንዲጠፋ ትፈልጋላችሁ። ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ የቤታችሁ አድራሻ ከሶፋው ፎቶ ጋር አብሮ እንዲሄድ አትፈልጉም። አንዳንዴ ደግሞ መጥፋቱ ያናድዳል። የልጃችሁ የአምስት ዓመት ፎቶ በሙሉ ዛሬ የተነሳ መስሎ ቢደረደር ማን ያስተካክለዋል?

ወጪውን ብዙ አላነሳውም። እዚህ የማነሳቸው መንገዶች ከአንዱ በስተቀር ነጻ ናቸው።

ወደ ምን ነው የሚቀየረው?

መልሱ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጄፔግ ነው። ፒኤንጂ ምንም የማይጎድልበት ዓይነት ስለሆነ "የተሻለ" ይመስላል፤ ግን ለተራ ፎቶ አይሆንም። 2 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ ፒኤንጂ ሲሆን ከ10 ሜጋባይት በላይ ሊያብጥ ይችላል፣ በዓይን የሚታይ ለውጥ ግን የለውም። ፒኤንጂ ለስክሪንሾት፣ ለሎጎ፣ ጽሑፍ ለበዛበት ምስል ይሁን። አይፎን ስክሪንሾትን ድሮም በፒኤንጂ ነው የሚያስቀምጠው። ዌብፒ ለድረ ገጽ ሠሪዎች ጥሩ ነው፣ ለፎርም ግን ራስ ምታት ነው። ሰነድ ከሆነ ደግሞ፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የቤት ኪራይ ውል፣ ብዙ ገጽ ካለው በፒዲኤፍ ይሻላል። ለዚያ ፎቶ አንስቶ መቀየርም አያስፈልግም፤ አይፎኑ ላይ ኖትስ ውስጥ ስካን ማድረጊያ አለ፣ አንድሮይድ ላይ ጉግል ድራይቭ ውስጥ አለ። ሁለቱም በቀጥታ ፒዲኤፍ ያወጣሉ።

አንድ፦ ካሜራው ከመጀመሪያው በጄፔግ እንዲያነሳ ማድረግ

ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ከዚያ ሞስት ኮምፓቲብል። ከዚህ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ጄፔግ ነው። እስከ ዛሬ ያነሳችሁት ግን እንዳለ ሄይክ ሆኖ ይቀራል። "ቀይሬው ነበር፣ የድሮዎቹ ግን አሁንም አይከፈቱም" የሚለው ቅሬታ መነሻው ይሄ ነው።

ሁለት ዋጋ ታስከፍላለች። አንደኛ ስቶሬጁ በፍጥነት ይሞላል። ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ነው፦ ይሄንን ከመረጣችሁ በ4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽ አትችሉም፤ ያ የሚሠራው በአዲሱ ፎርማት ብቻ ነው። ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀይሮ ዕለቱ ላይ ቢደነግጥ አይገርምም።

ለማን ይሆናል? ስልኩ የሥራ ዕቃ ለሆነ ሰው። ቀኑን ሙሉ የዕቃ ፎቶ አንስቶ ለደንበኛ የሚልክ፣ ሪፖርት ላይ ፎቶ የሚለጥፍ፣ የግንባታ ቦታ እየዞረ የሚያነሳ። እንዲህ ያለ ሰው በየቀኑ እየቀየረ ከሚደክም አንዴ ይገላገል። ሌላው ሰው ግን ሴቲንጉን አይንካ።

ሁለት፦ ስልኩ ላይ ቅጂውን መቀየር

ለኔ አንደኛው ይሄ ነው። አይኦኤስ 16ና ከዚያ በላይ ካላችሁ ፎቶውን ክፈቱ፣ ሼር በሉ፣ ሴቭ ቱ ፋይልስ። ከዚያ ፋይልስ የሚለውን አፕ ክፈቱና ፎቶው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ቆዩ። ኩዊክ አክሽንስ የሚል ይመጣል፣ ውስጡ ኮንቨርት ኢሜጅ አለ። ጄፔግን ትመርጣላችሁ፣ መጠኑን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፣ ዋናው ሄይክ ፎቶስ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ብዙ ፎቶ መርጣችሁም ባንዴ ትቀይራላችሁ።

መጠኑን የምትመርጡበት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ለህትመት ከሆነ ሳይቀነስ እንዳለ ይሁን። ለፎርም ከሆነ ዝቅ ያለው ይሻላል፤ ወደ ዲቪው ስንደርስ እናየዋለን።

አቋራጭም አለ። አዳዲሶቹ አይኦኤሶች ላይ ሼር ስትሉ ከላይ ኦፕሽንስ የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። እሱን ነክታችሁ ሞስት ኮምፓቲብልን ከመረጣችሁ የሚሄደው ቅጂ ጄፔግ ሆኖ ይሄዳል። የቦታ መረጃውንም እዚያው ማጥፋት ይቻላል። በየቀኑ የምትልኩ ከሆነ ሾርትከትስ በሚለው አፕ አንድ ቁልፍ ሠርታችሁ፣ ኮንቨርት ኢሜጅ የሚለውን ትእዛዝ ጨምራችሁ፣ በአንድ ንክኪ ማድረግ ትችላላችሁ። የቀኑ መረጃ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ማብሪያም እዚያው አለ።

አፕ ስቶር ላይ ያሉት "ሄይክ ቱ ጄፔግ" አፖችስ? ብዙዎቹ የሚሠሩት ስልኩ ራሱ የሚሠራውን ነው፣ ማስታወቂያ ጨምረው። አንዳንዶቹ በሳምንት ክፍያ ይጠይቃሉ። ስልካችሁ አይኦኤስ 16 የማይቀበል አሮጌ ከሆነ ብቻ አስቡበት፤ ያኔም ሾርትከትስን መጀመሪያ ሞክሩ።

ሦስት፦ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ማሳለፍ

ሳናውቀው ሁላችንም የምንጠቀምበት መቀየሪያ ይሄ ነው። በተለመደው መንገድ፣ ማለትም እንደ ፎቶ፣ ከላካችሁ ጄፔግ ሆኖ ይደርሳል። ለራሳችሁ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ልካችሁ መልሳችሁ ማውረድም ትችላላችሁ። ፈጣን ነው፣ ዳታም ብዙ አይበላም፣ የቦታ መረጃውንም ይገፈዋል።

ዋጋው ልኬት ነው። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ከአይፎን የወጣ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4032 በ3024 ነበር። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በህትመት እንየው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነች የአልበም ፎቶ ላይ 1280 ፒክስል በኢንች 213 ነጥብ ገደማ ይሰጣል፤ ደህና ነው፣ ታምራለች። ያንኑ ፎቶ በኤ3 አሳትማችሁ ሳሎን ልትሰቅሉ ካሰባችሁ ግን በኢንች 80 እንኳ አይሞላም። ፊት ላይ ብዥ ይላል፣ የጥለቱ መስመር ይደባለቃል። ዋናው ቢሆን ኖሮ በኤ3ም ከ240 በላይ ይሰጥ ነበር።

ለዚህ ነው ፎቶ ቤቶች "በፋይል ላኩ" የሚሉት፤ ልክ ናቸው። ግን በፋይል ሲላክ ቴሌግራም ምንም አይነካውም፣ ሄይኩ ሄይክ ሆኖ ይሄዳል። የቦታ መረጃውም አብሮ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ወደ ጄፔግ ቀይሩ፣ ከዚያ ከፋይልስ አፕ መርጣችሁ በፋይል ላኩ። ፎቶ ቤቱም ደስ ይለዋል፣ እናንተም።

ዋትስአፕም እንዲሁ ነው። ኤችዲ የሚለው ምርጫ በ2023 ከመጣ ወዲህ ትንሽ ተሻሽሏል እንጂ ዋናውን አያክልም።

አራት፦ በኬብል ወደ ኮምፒውተር

አይፎን ፎቶ በኬብል ወደ ዊንዶውስ ሲገለበጥ በራሱ ወደ ጄፔግ የሚቀይር ሴቲንግ አለው። ፎቶስ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ፣ ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ፣ ኦቶማቲክ። አይኦኤስ 18 ላይ ፎቶስን ለማግኘት መጀመሪያ አፕስ የሚለው ውስጥ መግባት አለባችሁ።

ሐሳቡ ግሩም ነው። ጥቂት ፎቶ ከሆነ ይሠራል። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ፎቶ ባንዴ ስትገለብጡ ግን መሐል ላይ ቀጥ ይልና "ከሲስተሙ ጋር የተገናኘው መሣሪያ እየሠራ አይደለም" የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ሰው ኬብሉን ይቀይራል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ስልኩን ይጠረጥራል። ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም። ስልኩ እያንዳንዱን ፎቶ እዚያው እየቀየረ ለማቀበል ሲሞክር አልደርስ እያለ ነው። መፍትሔው ኦቶማቲክ የሚለውን ትቶ ኪፕ ኦሪጅናልስ ላይ ማድረግ ነው። ሄይኩ እንዳለ ይገለበጣል፣ መቀየሩን ኮምፒውተሩ ላይ ትጨርሳላችሁ።

ሌላም አለ። አይክላውድ ላይ ኦፕቲማይዝ ስቶሬጅ ከበራ ዋናዎቹ ፎቶዎች ስልኩ ላይ የሉም ማለት ነው፤ ያለው ትንሹ ቅጂ ነው። በኬብል ስትሰኩ ግማሹ ፎቶ "ጠፋ" የሚያስብለው ይሄ ነው። አልጠፋም፣ አይክላውድ ላይ ነው። ከዚያ ስታወርዱ በጄፔግ እንዲወርድ መምረጥ ይቻላል፤ ዳታው ግን ከእናንተ ነው።

አምስት፦ ኮምፒውተር ላይ መቀየር

ማክ ካላችሁ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ሞንተሬ ከሚባለው ከ2021ዱ የማክ ሲስተም ጀምሮ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ቀኝ ክሊክ፣ ኩዊክ አክሽንስ፣ ኮንቨርት ኢሜጅ። ሺህ ፎቶም ቢሆን ቁጭ ብላችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ።

ዊንዶውስ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የማይክሮሶፍት ስቶር ተጨማሪዎች ናቸው። የምስሉ ተጨማሪ ነጻ ነው፤ ሄይክን በትክክል ለመክፈት የሚያስፈልገው የቪዲዮው ተጨማሪ ግን 99 ሳንቲም ዶላር ነው የሚሸጠው። አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም፤ ግን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው አንድ ዶላርም መቶ ዶላርም ያው ነው። እሱ ከተጫነ በኋላ ፎቶውን በፎቶስ ወይም በፔይንት ከፍታችሁ ሴቭ አዝ ብላችሁ በጄፔግ ታስቀምጣላችሁ። አንድ ባንድ ነው፤ ለብዙ ፎቶ አይመችም።

ሁለተኛው ነጻ ፕሮግራም መጫን ነው። ኮፒትራንስ ሄይክ፣ አይሜዚንግ ኮንቨርተር፣ ኤክስኤን ኮንቨርት የሚባሉት አሉ፤ ለግል አገልግሎት አይከፈልባቸውም። የመጀመሪያው በቀኝ ክሊክ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ፎቶዎቹን ጎትታችሁ ስትጥሉበት ይቀይራል፣ ሦስተኛው ቅንብሩ ይበዛል፤ ልኬትም ጥራትም ስምም ባንዴ ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ነው። ምስል አስተካካይ ከፈለጋችሁ ጊምፕም ሄይክ ይከፍታል። የትኛውንም ስታወርዱ ከሠሪው ገጽ ይሁን። ፍላሽ ላይ ከሰው የተገለበጠ መጫኛ ይዞት የሚመጣው ጣጣ ከፎቶው ይብሳል።

አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ፎቶውም ከቤት አይወጣም። ለብዙ ፎቶ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ስድስት፦ ኢንተርኔት ላይ ያሉ መቀየሪያዎች

ጉግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳቸው በምክንያት ነው። ፎቶውን ትጭናላችሁ፣ የማታውቁት ሰው ሰርቨር ላይ ይቀየራል፣ መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። በሰዓታት ውስጥ እናጠፋዋለን የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያ መንገድ ግን የላችሁም።

ዳታውን እናስላው። 200 ፎቶ እያንዳንዱ 2 ሜጋባይት ቢሆን ለመጫን 400 ሜጋባይት ነው። ጄፔግ ሆኖ ሲመለስ እያንዳንዱ 3.5 ቢሆን 700 ሜጋባይት። ከ1 ጊጋ በላይ ዳታ፣ ስልኩ በነጻ ለሚሠራው ሥራ! ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ከሀ።

ሌላው አደጋ የሐሰት ገጾቹ ናቸው። በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹ የኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ ነጻ የፋይል መቀየሪያ መስለው ቫይረስ የሚያወርዱ ገጾች መብዛታቸውን አስጠንቅቋል። ፎቶ ጭናችሁ የሚወርደው ፋይል ፕሮግራም ከሆነ፣ ወይም "መጀመሪያ ይሄን ጫኑ" ካላችሁ፣ ዝጉት።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? የሰው ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ፣ ምንም መጫን ሳይፈቀድላችሁ፣ ሚስጥር ያልሆነ አንድ ሁለት ፎቶ ለመቀየር። ፓስፖርትና መታወቂያ ግን በፍጹም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገዱ | ልኬቱ | ለብዙ ፎቶ | ሚስጥር | ዳታ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ካሜራውን በጄፔግ ማድረግ | አይቀንስም | ይሆናል፣ የድሮውን አይቀይርም | ከስልክ አይወጣም | አይፈልግም | ስቶሬጅ ይበላል |
| ስልኩ ላይ ፋይልስ | እንደ ምርጫችሁ | እስከ መቶ ድረስ ደህና | ከስልክ አይወጣም | አይፈልግም | ነጻ |
| ቴሌግራም እንደ ፎቶ | በጣም ይቀንሳል | ለመካከለኛ | በሰርቨር ያልፋል | ትንሽ | ነጻ |
| ኬብል በኦቶማቲክ | አይቀንስም | ሲበዛ ይቋረጣል | ከቤት አይወጣም | አይፈልግም | ነጻ |
| ማክ ላይ | እንደ ምርጫችሁ | በጣም ጥሩ | ከቤት አይወጣም | አይፈልግም | ነጻ |
| ዊንዶውስ፣ የስቶር ተጨማሪ | አይቀንስም | አድካሚ | ከቤት አይወጣም | አንዴ ለማውረድ | 0.99 ዶላር |
| ዊንዶውስ፣ ነጻ ፕሮግራም | እንደ ምርጫችሁ | በጣም ጥሩ | ከቤት አይወጣም | አንዴ ለማውረድ | ለግል ነጻ |
| የኢንተርኔት መቀየሪያ | እንደ ገጹ | አይመከርም | አስተማማኝ አይደለም | ብዙ | ነጻ የሚመስል |

እናንተ የትኛው ናችሁ?

ዲቪ የምትሞሉ ከሆነ፦ እዚህ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ፎቶው ጄፔግ፣ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ ከ600 በ600 ፒክስል ያላነሰ፣ ከ1200 በ1200 ያልበለጠ፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት ያልዘለለ መሆን አለበት። ለአሜሪካ ቪዛ ፎርምም ልኬቱ ይሄው ነው። ከአይፎን በሙሉ መጠኑ የወጣ ጄፔግ ይሄን ክብደት ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶስ ውስጥ እኩል አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ወደ ፋይልስ አስቀምጡ፣ ኮንቨርት ኢሜጅ ላይ ጄፔግና መካከለኛውን መጠን ምረጡ። ከዚያ ሳታዩ አትጫኑ፤ ፋይሉ ላይ ጫን ብላችሁ ጌት ኢንፎ በሉና ልኬቱና ክብደቱ ገደቡ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። በቴሌግራም ከመጣ ፎቶ ፊት ብቻ ቆርጣችሁ ለመጠቀም አትሞክሩ። 1280 የነበረው ሲቆረጥ ከ600 በታች ይወርዳል፤ በግድ ሲለጠጥ ደግሞ ይደበዝዛል። ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተርም ይቅርባችሁ፣ መነጽርም። ፎቶው ባለፉት ስድስት ወራት የተነሳ መሆን አለበት፤ ያምናውን ቀይሮ ማስገባት ቀላል ቢመስልም ከውድድሩ ያስወጣል።

ለህትመት ከሆነ ስልኩ ላይ ሳይቀነስ ቀይራችሁ በፋይል ላኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አይፎን ፎቶን የሚያስቀምጠው ፒ3 በሚባል ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ነው። የፎቶ ቤቱ ሶፍትዌር ይሄን ካላነበበ ቀለሙ ደብዘዝ ብሎ ይታተማል፤ የጥልፉ ቀይ ቡናማ ይመስላል። ብዙ ኮፒ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ አሳትማችሁ እዩ።

ዕቃ በቴሌግራም ቻናል የምትሸጡ ሰዎች ከነአካቴው መቀየሪያ አያስፈልጋችሁም። እንደ ፎቶ ልቀቁት፣ ይሄዳል።

ቢሮ ውስጥ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩና ሄይክ ከሰው የሚላክላችሁ ከሆነ ነጻ ፕሮግራሙን ጫኑ። ግን ፈቃዱን አንብቡ፤ "ለግል ነጻ" ማለት ለድርጅት ነጻ ማለት አይደለም። ሌላው መንገድ ላኪውን ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ እንዲቀይር ማስተማር ነው፤ ከሁሉም ይረክሳል።

ውጭ ሆናችሁ የሠርግ ወይም የክርስትና ፎቶ ለአገር ቤት ዘመድ የምትልኩ፦ አንድሮይድ ከ9 ጀምሮ ሄይክ መክፈት ይችላል፣ ከዚያ በታች ያለ ስልክ ላይ ግን አትተማመኑ። የጉግል ፎቶስ ሊንክ ስትልኩ ብሮውዘር ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያቸዋል፤ ሲያወርዱት ግን ዋናው ሄይክ ነው የሚወርደው። ለአያት የሚታይ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ላኩ፤ የሚታተሙትን አሥር አሥራ አምስቱን ብቻ ለይታችሁ በጄፔግ፣ በፋይል።

የዓመታት ፎቶ ያላችሁና ስልኩን ባዶ ማድረግ የምትፈልጉ፦ ኪፕ ኦሪጅናልስ አድርጋችሁ በኬብል ገልብጡ፣ ዋናዎቹን በአንድ ፎልደር ተዉ፣ ጄፔጎቹን በሌላ ፎልደር አውጡ። ላይቭ ፎቶና ፖርትሬት የምትወዱ ከሆነ ይሄ ግዴታ ነው። ጄፔግ ሲሆን እንቅስቃሴውም፣ የጀርባ ብዥታውን ከተነሳ በኋላ የማስተካከል ዕድሉም ይቀራል፤ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ የለም። ቀይራችሁ ስትጨርሱ የሁለቱን ፎልደር የፋይል ቁጥር አስተያዩ። ላይቭ ፎቶ እያንዳንዱ አንድ ቪዲዮ ፋይል ጨምሮ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ፎልደር ቁጥር ሊበልጥ ይችላል፤ እነሱን ቀንሳችሁ ቁጠሩ። ጥቂቶቹን ከመሐል ከፍታችሁ ቀናቸው ትክክል መሆኑን፣ ወደ ጎን ያልተኙ መሆናቸውን እዩ። አይክላውድ ፎቶስ በርቶ ከሆነ ስልኩ ላይ ስታጠፉ ከአይክላውዱም ስለሚጠፋ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ሳትይዙ ማጥፋት አትጀምሩ።